ለ2028 ወንበር ዛሬ ቀብድ አትክፈሉ

ላስ ቬጋስ ላላችሁ ወገኖች፣ በተለይ እንደኔ ከኦክላንድ ለመጣችሁ። ሰሞኑን በቴሌግራም «የአዲሱ ቤዝቦል ስታዲየም ወንበር ሳያልቅባችሁ» የሚል መልእክት እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ 500 ዶላር ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2024 መጨረሻ አንድ ቲኬት አሻሻጭ ደወለልኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ቡድኑ ራሱ ግን አይደለም። አትሌቲክስ የሚባለው የኦክላንድ የቤዝቦል ቡድን ቬጋስ ሲገባ ጥሩ ቦታ እንድይዝ በወንበር 250 ዶላር ቀብድ አስይዝ አለኝ። «ሐሳብህን ከቀየርክ ይመለሳል» አለ ልጁ፣ ድምፁ ማር ነው። ሁለት ወንበር ያዝኩ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለልጄ።

ከአራት ወር በኋላ ገንዘብ ቸገረኝና መልሱልኝ አልኩ። ያኔ ነው ውሉን ከፍቼ ያነበብኩት። ሰባት ገጽ ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ቀብዱ «ይመለሳል» ይልና በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በክሬዲት ይላል። ክሬዲቱ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ ካልተሠራበት ይቃጠላል። ስታዲየሙ የሚከፈተው በ2028 ነው። እንግዲህ አስሉት።

ልጁ ዋሸኝ ማለት አልችልም። «ይመለሳል» አለ፣ ተመለሰ። በምን እንደሚመለስ አልጠየቅኩም።

እንዴት ተሸወድክ ለምትሉኝ፣ ፍቅር ነው። ኦክላንድ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ምሳ በልተን፣ በባርት ባቡር ወደ ቡድኑ ስታዲየም፣ ኮሊሲየም፣ እንሄድ ነበር። ርካሹ ቲኬት ከአንድ በያይነቱ ብዙም አይበልጥም ነበር። ቤዝቦል መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ልጄ ነው ያስተማረኝ። በ2021 በጋ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የቡድኑን ተጫዋች የማት ኦልሰንን ማሊያ ገዛሁለት፣ 28 ቁጥር። አረንጓዴ፣ ፊደሎቹ የተሰፉ። ከ130 ዶላር በላይ ወጣሁበት። ለአንድ ታክሲ ነጂ ስንት ምልልስ እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ክረምቱ ገባ። ክረምት ስል የአሜሪካኑን ነው፣ ብርዱን። በታኅሣሥ መጀመሪያ የሊጉ ባለቤቶች ተጫዋቾቹ ላይ በር ዘጉ፣ እስከ መጋቢት 10 ቀን 2022 ምንም ዝውውር አልነበረም። በሩ እንደተከፈተ ገበያው ተጀመረ። ሳምንት ሳይሞላ ከኛ ቡድን ባሲት ወደ ኒውዮርክ ሜትስ፣ ኦልሰን ወደ አትላንታ፣ ቻፕማን ወደ ቶሮንቶ ተላኩ። ኦልሰን አትላንታ በደረሰ ማግስት የስምንት ዓመት የ168 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ልጄ ማሊያውን ለብሶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ «አባ፣ ለምን ሳይጠይቁት ሸጡት?» አለኝ።

እዚህ ላይ እኛ ኳስ ያደግንበት ሰዎች የምንሳሳተው ነገር አለ። በእግር ኳስ ዝውውር ተጫዋቹ ካልፈረመ አይሄድም። በቤዝቦል ትሬድ፣ ማለትም ቡድኖች ተጫዋች ሲለዋወጡ፣ ግን ተጫዋቹ አይጠየቅም። ውሉ ላይ ትሬድን የሚከለክል አንቀጽ ካላስገባ፣ ወይም በሊጉ አሥር ዓመት ቆይቶ የመጨረሻዎቹን አምስቱን በአንድ ቡድን ካላሳለፈ፣ ሌሊት ተነግሮት ጠዋት ሻንጣውን ይይዛል። ደግሞ ወጣት ተጫዋች ነፃ ሆኖ ገበያ የሚወጣው በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው። እጁ ያጠረ ቡድን ስድስተኛውን ዓመት አይጠብቅም። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ይለውጠዋል። ስለዚህ ማሊያ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ተጫዋቹ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እዩ። የዕድሜውን ማለቴ አይደለም፣ የአገልግሎቱን። ወይም ስም የሌለበትን ግዙ፣ እሱ አይሸጥም።

ማሊያው ምን ሆነ? ለልብስ ሰፊ ወሰድኩት። ስሙን በምላጭ ፈታው። ፊደሎቹ ተነሱ እንጂ የመርፌው ቀዳዳ ቀረ። በብርሃን ሲያዩት አሁንም «ኦልሰን» ይነበባል።

ቡድኑ በዚያ ዓመት 102 ጨዋታ ተሸነፈ። በተከታዩ 112። ሰው መምጣት ሲያቆም ደግሞ «ደጋፊ የለም» ተባለ። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ሱቁን ባዶ አድርገህ ገዢ ጠፋ ትላለህ? ሰኔ 13 ቀን 2023 ደጋፊው ተጠራርቶ 27,759 ሆኖ ገባ። «ሽጠው» የሚል ጽሑፍ ያለበት አረንጓዴ ቲሸርት ለብሶ ባለቤቱ ጆን ፊሸር ቡድኑን ለሌላ እንዲሸጥ ጮኸ። በዚያው ሳምንት የኔቫዳ ምክር ቤት ለቬጋሱ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ አጸደቀ። በኅዳር የሌሎቹ ቡድኖች ባለቤቶች አንድም ሰው ሳይቃወም ቡድኑ ወደ ቬጋስ እንዲዛወር አጸደቁ። መስከረም 26 ቀን 2024 የመጨረሻው የኦክላንድ ጨዋታ ሲደረግ እኔ ኤርፖርት ወረፋ ላይ በስልኬ አየሁት። 46,889 ሰው ነበር። ቴክሳስን 3 ለ 2 አሸነፉ። ከ57 ዓመት በኋላ በቃ።

እኔም ከኦክላንድ የወጣሁት የቤት ኪራይ አባሮኝ ነው። ጓደኞቼ «ቡድንህ ተከትሎህ መጣ» ብለው ይስቁብኛል። ልዩነቱ ለእኔ ቤት መሥሪያ 380 ሚሊዮን የሰጠኝ የለም።

ወደ ቀብዱ ልመለስ። ስታዲየሙ አይሠራም እያልኩ አይደለም። ስታዲየሙ የሚሠራበት ቦታ ላይ የነበረው ትሮፒካና ሆቴል በጥቅምት 2024 በፈንጂ ሲፈርስ አይተናል፣ በሰኔ 2025 መሠረት ተጥሏል፣ በዚያ ሳልፍ ክሬኖቹን አያለሁ። ቡድኑም 30 ዓመት ላይለቅ ፈርሟል። ግን የዚህን ቡድን የቃል ታሪክ ተመልከቱ። ፍሪሞንት እንሠራለን ተባለ፣ ቀረ። ሳን ሆዜ ተባለ፣ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ቀረ። በ2017 እዚያው ኦክላንድ፣ ሌኒ ኮሌጅ አጠገብ ተባለ፣ በዚያው ዓመት ፈረሰ። ከዚያ ወደብ ላይ፣ ሃዋርድ ተርሚናል። በእነዚያ በኋለኞቹ ዓመታት ማስታወቂያው «ሥር የሰደድነው ኦክላንድ ነው» ይል ነበር። ቬጋስ እንኳን በሚያዝያ 2023 አንድ መሬት ይዘናል ተብሎ፣ በግንቦት ወደ ትሮፒካና ተቀየረ። ወጪውም ከ1.5 ቢሊዮን ተነስቶ 2 ቢሊዮን ገብቷል። ወንበር ቁጥር የሌለው ቀብድ የከፈላችሁ ሰዎች፣ የያዛችሁት የቱ ሕንፃ ውስጥ ያለ ወንበር ነው?

እስከዚያ ቡድኑ ዌስት ሳክራሜንቶ ውስጥ 14,000 ሰው በሚይዝ የታችኛው ሊግ ሜዳ ይጫወታል። ስሙ ላይ ከተማ የለም፣ አትሌቲክስ ብቻ። በ2025 ማሊያው አንድ እጅጌ ላይ ሳክራሜንቶ፣ ሌላው ላይ ላስ ቬጋስ ተለጥፎበት ነበር። እንደ ፖስታ። ሁለቱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ያረጃሉ፣ ስለዚህ ዘንድሮ ለልጅ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ መግዛት ብላሽ ነው።

«አሁን እኮ ብር እያወጡ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሴቬሪኖን በሦስት ዓመት 67 ሚሊዮን አስፈርመዋል፣ ሩከርን በ60 ሚሊዮን አቆይተዋል። የሴቬሪኖው ሲፈረም በቡድኑ ታሪክ ትልቁ ውል ነበር። ግን ከዚያ በፊት የነበረው ትልቁ የኤሪክ ቻቬዝ 66 ሚሊዮን ነበር፣ በ2004! ሃያ ዓመት ጠብቆ አንድ ሚሊዮን መጨመር። ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ገብቶ ድሉን የሚያስጠብቅላቸውን ኳስ ወርዋሪ ሜሰን ሚለርንም በ2025 ሐምሌ ለሳንዲዬጎ ሰጥተውታል። በምትኩ ከመጡት አንዱ ልጅ ተስፋ አለው ይላሉ። ይሁን። እኔ ተስፋውን በነፃ ነው የማየው፣ ቀብድ አልከፍልበትም።

ለማንኛውም ሰው ቢደውልላችሁ፣ «ከቡድኑ ነህ ወይስ አሻሻጭ?» በሉት። የምትከፍሉት ወረፋ ለመያዝ ነው ወይስ ለወንበር? ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ወደ ካርዳችሁ ነው የሚመለሰው? መልሱን በኢሜይል አስጽፉ። በስልክ ያለው ነገር ነፋስ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ለልጆቻችሁ አስነብቡ፣ እኔም ያን ጊዜ ላስነብበው ኖሮ ልጄ አምስተኛውን ገጽ አያልፈውም ነበር።

የእኔ 500 ዶላር መጨረሻውን ልንገራችሁ። ክሬዲቱ ሊቃጠል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ብላሽ ከሚሆን ብዬ በክሬዲቱ ባለቤቴን ይዤ አስማተኛ ለማየት ገባሁ። ሰውየው ከፊት ከተቀመጠ ሰው መቶ ዶላር ተቀብሎ በእጁ ጨብጦ እፍ ሲልበት ጠፋ። አዳራሹ አጨበጨበ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ይሄኛው እንኳ መቶ ብቻ ነው የወሰደው» አለችኝ።