በደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት ላስጎበኘን ወንድማችን የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን ከአባቴ፣ ከአጎቴና ከልጆቼ ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ ተጉዘን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት በጎበኘንበት ወቅት ታሪኩን ያስረዳንን ወጣት አስጎብኚ በአደባባይ ማመስገንና ወደዚያ ለምታመሩ ወገኖች መጠቆም ተገቢ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ጽፌአለሁ። ስሙ እንዲነሣ ስላልወደደ አልጠቀስሁትም፤ ስልኩን ግን በግል ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል።

ይህን ልጅ ከሌሎች የለየብኝ የተጻፈውንና የሚነገረውን አለማደባለቁ ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ተክለ ሃይማኖት መባላቸውን፣ በ1874 ዓ.ም. ደግሞ ከዓባይ ማዶ ባለው አገር ይገባኛል ምክንያት ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር እምባቦ ላይ ገጥመው ቆስለው መማረካቸውን ሲያስረዳ ንግግሩ ቀጥተኛና ያልተጌጠ ነበር። ማራኪና ምርኮኛ ተነጋገሩት ከሚባለው ምልልስ ላይ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ፣ «ከዚህ ወዲያ የምነግራችሁ ከአፍ ወደ አፍ የመጣውን ነው» በማለት አስጠነቀቀን።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ፣ «አይ ልጄ፣ እኛ ከአባቶቻችን የሰማነው እንዲህ አይደለም» ብለው ጣልቃ ገቡ። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን ፈገግ ብሎ ባለፋቸው ነበር። እርሱ ግን ከደረት ኪሱ ዳሩ የተበላ ደብተር አውጥቶ፣ «አባቴ፣ ከማን ነው የሰሙት? የየት አገር ሰው ነበሩ?» እያለ የነጋሪውን ስምና አገር ሳይቀር ቆሞ መዘገበ። አጎቴ አንዴ ከጀመሩ ቶሎ የሚጨርሱ ሰው አይደሉም፤ እርሱም አላቻኮላቸውም።

ስሞቹ ለተምታቱባት ታናሽ ልጄ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ በጭራሮ መሬት ላይ ጎሹ፣ ተሰማ፣ አዳል፣ ስዩም ብሎ ከላይ ወደ ታች ጻፈላት። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ካሳ ኃይሉን፣ የኋላውን ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ሲወጉ የወደቁት መሆናቸውን፣ የመጨረሻው ስዩም ደግሞ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ እኛ ራስ ኃይሉ የምንላቸው መሆናቸውን የነገራትን እስከ ዛሬ አልረሳችም።

እኛ ጎጃሞች ስለ ገዥዎቻችን ስናወራ ወይ እናሞግሳለን ወይ ዝም እንላለን። ይህ ወጣት ሁለቱንም አላደረገም። ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን መጎብኘታቸውንና ለዘመናዊ ንግድ የነበራቸውን ዝንባሌ እንዳወሳ ሁሉ፣ ገበሬው ከግብራቸው ብዛት የተነሣ መማረሩን፣ በ1924 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ታስረው ግዛታቸውን ማጣታቸውን፣ በወረራውም ዘመን ለኢጣሊያ ማደራቸውን ሳይሸሽግ ተናገረ። በ1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ እዚያው ደብረ ማርቆስ ላይ የተቀበሏቸው እኚሁ ራስ ኃይሉ መሆናቸውን ሲጨምር፣ በወቀሳው ፊታቸው ጠቁሮ የነበሩት አባቴ እንኳ ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ። ከዚህ በፊት በሌላ ስፍራ የገጠመን አስጎብኚ ሁሉንም ጀግና አድርጎ አሰልችቶን ስለነበር ልዩነቱ ጎልቶ ታየን።

ከአዲስ አበባ የምትነሡ መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነና የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ጊዜ ስለሚወስድ፣ አድራችሁ በማግሥቱ ጠዋት ብትጎበኙ ይሻላል። አረጋውያን የምትይዙ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ንገሩት፤ አካሄዱን በእነርሱ እርምጃ ይለካል። ስለ ክፍያው ስትጠይቁት «የፈቀዳችሁትን» ብሎ ስለሚሽኮረመም፣ የልፋቱን ያህል አስባችሁ ክፈሉት።