የ1911 ሽጉጤን የቀለሃ መውጫ ካሰፋሁት 8 ወር ሞላው

እዚህ ቨርጂኒያ ቅዳሜ ጠዋት ከተኩስ መለማመጃ አልጠፋም። የምተኩሰው በ45 ካሊበር ነው፤ ሽጉጡ 1911 የሚባለው፣ የድሮው አሠራር። ጆን ብራውኒንግ ነድፎት የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ተቀብሎታል። በድሮው አሠራር የቀለሃ መውጫው ጠባብ ነው፤ የታችኛው ጠርዙም ከፍ ያለ። ለጦር ሜዳ ይሄ ችግር አልነበረም። ወታደር ቀለሃ አይለቅምም። እኔ ግን ለቅሜ፣ መልሼ ሞልቼ ነው የምተኩሰው።

ከመሬት የማነሳው ቀለሃ ሁሉ አፉ ጎድጉዷል። ጥፍር የሚያህል ስርጉድ፣ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ። የመውጫው ጠርዝ ላይ ደግሞ ቢጫ የናስ ጭረት አለ። ሲወጣ የሚጋጨው እዚያ ነው ማለት ነው። አንዳንዴ ጭራሽ ሳይወጣ ስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የሽጉጡ የላይኛው ብረት) ይይዘውና ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አንድ የመሣሪያ ባለሙያ ጠርዙን ዝቅ አድርጎ ቆረጠልኝ፤ የኋላውን ጥግ ወደ ውጭ ከፈት አደረገው። የተቆረጠውን ብረት መልሶ ማጥቆርን ጨምሮ 140 ዶላር ከፈልኩ። ስርጉዱ ከመጀመሪያው ቀን ጠፋ። በጣም ደስ አለኝ።

መቀርቀሩ ግን አልቆመም። በመጀመሪያው ወር ብቻ 5 ጊዜ ያዘብኝ።

ጥፋቱ የኤክስትራክተሩ ነበር። ቀለሃውን ስቦ የሚያወጣው መንጠቆ ማለት ነው። በ1911 ላይ ይሄ መንጠቆ አንድ ረጅም ብረት ነው፤ ለብቻው ስፕሪንግ የለውም። ቀለሃውን አጥብቆ የሚይዘው በራሱ ጉብጠት ነው። ጉብጠቱ ሲላላ ቀለሃው ይወዛወዛል፤ በግራ በኩል ያለው ኤጀክተር (ቀለሃውን መትቶ ወደ ውጭ የሚወረውረው ብረት) ሲመታውም ወደሚገባው ቦታ አይወረውረውም። መውጫው የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ይሄን አያስተካክልም። ስላይዱን ፈትቼ፣ ባሩድም ሆነ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ፕራይመር የሌለው የልምምድ ጥይት መንጠቆው ሥር አስገባሁና ቀስ ብዬ ነቀነቅኩት። ዱብ አለ። ደህና መንጠቆ ይዞት ይቀራል።

ባለሙያው ጉብጠቱን አስተካከለው። የደከመውንም የስላይድ ስፕሪንግ በአዲስ ባለ 16 ፓውንድ ቀየርነው። ከዚያ ወዲህ ወደ 1,700 ጥይት ተኩሻለሁ። የያዘብኝ አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በግራ እጄ ብቻ፣ አንጓዬን አላልቼ ስተኩስ።

ስለዚህ ቀለሃ የሚይዝባችሁ ከሆነ መጀመሪያ መንጠቆውንና ስፕሪንጉን አስፈትሹ። ርካሽ ነው፤ ካልሆነም ይመለሳል። የተቆረጠ ብረት አይመለስም። ሽጉጡ ከአባት የወረዳችሁ ወይም እንደወጣ ያለ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ባትነኩት እመርጣለሁ፤ ዋጋው ይወርዳል።

ቀለሃ ለምትለቅሙ ግን መቁረጡ ያዋጣል። ድሮ አንዱ ኮፍያዬ ላይ፣ አንዱ ጎረቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚያርፈው። አሁን በስተቀኝ ወደ ኋላ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ላይ አንድ ቦታ ይከመራል። ጎንበስ ብዬ በእፍኝ አነሳዋለሁ፤ አፉም ክብ እንደሆነ ነው።