ስታዲየም አካባቢ የሚሰጠው የካንሰር ተጋላጭነት የዘረመል ምርመራ፦ ተጨማሪው ክፍል ዋጋውን ያወጣል?

ስታዲየም አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ የሚሠራ አንድ የግል ላብራቶሪ ምራቅ ተቀብሎ ወደ ውጭ አገር በመላክ በዘር የሚወረስ የካንሰር ተጋላጭነትን ያስመረምራል። የምነቅፈው ነገር ስላለ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። አጎቴ በጨጓራ ካንሰር ስላረፉ ሁለቱንም ክፍሎች ገዛሁ፤ አንደኛው እንደ ቢአርሲኤ ያሉ (ጉዳት ሲኖርባቸው ለጡትና ለእንቁላል እጢ ካንሰር የሚያጋልጡ) የታወቁ ጂኖች የሚታዩበት መሠረታዊ ክፍል ሲሆን፣ ሌላው ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት «የበሽታ መከላከያ ጂኖች» የሚባለው ነው።

የናሙና አሰባሰቡ የሚያስመሰግን ነው። ለግማሽ ሰዓት ቡና እንኳ ሳይቀመስ ይቆይና፣ አረፋው ሳይቆጠር ምራቁ በቱቦው ላይ እስከተሰመረው መስመር ይሞላል፤ ክዳኑ ሲጠብቅ በውስጡ ያለው ማቆያ ፈሳሽ ወርዶ ይቀላቀለዋል። ነርሷ ስሜንና የቱቦውን ቁጥር ከቅጹ ጋር ደጋግማ አመሳከረች፤ ይህ በየላብራቶሪው የማናየው ጥንቃቄ ነው።

ችግሩ ውጤቱ ላይ ነው። በተጨማሪው ክፍል ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ከሚለው ጽሑፍ ትይዩ ቀይ ክብ ተደርጎ «ለጨጓራ ካንሰር ከፍ ያለ ተጋላጭነት» ተብሏል። አባባሉ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የመከላከያ ሕዋሳት መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች አንዱ ሲሆን፣ ብግነትን ከማባባሱም በላይ የጨጓራን አሲድ በኃይል ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በስኮትላንድና በፖላንድ ሰዎች ዘንድ በዚህ ጂን አካባቢ የሚወረሱ ልዩነቶች ከአሲድ ማነስና ከጨጓራ ካንሰር ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። ነገር ግን የጥናቱ ሐሳብ የሚነሣው ኤች ፓይሎሪ ከተባለው ባክቴሪያ ነው፦ ባክቴሪያው ጨጓራን ያስቆጣል፣ ልዩነቱን በወረሰ ሰው ላይ ብግነቱ ይበረታል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ የጨጓራው ሽፋንም በብዙ ዓመታት እየሳሳ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የተሰጠኝ ወረቀት ግን ስለ ኤች ፓይሎሪ አንድ ቃል አይተነፍስም። ባክቴሪያው በብዙዎቻችን ሆድ በሚኖርበት አገር፣ በሰገራ የሚታወቀውንና በመድኃኒት የሚጠፋውን ጉዳይ ዘሎ የማይለወጠውን ጂን ብቻ ቀይ መቀባት ደንበኛን በከንቱ ማስደንገጥ ነው።

በእስያ በተደረጉ ተከታይ ጥናቶች ዝምድናው ወጥ ሆኖ አልተገኘም። የክቦቹ ቀለም የተሰላው በአብዛኛው ከአውሮፓውያን በተሰበሰበ መረጃ መሆኑ ደግሞ በመጨረሻው ገጽ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ለአዲስ አበባ ደንበኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ይኸው ነበር። ብግነትን የሚቀሰቅስ ሌላ የመከላከያ ፕሮቲን የሚሠራው የቲኤንኤፍ ጂንም ቢሆን ሊምፎማ ከተባለው የነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር ጋር ያለው ዝምድና የታየው በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን መረጃ ሲጠቃለል ሲሆን፣ በአንድ ሰው ላይ የሚጨምረው አደጋ ትንሽ ነው። በአንጻሩ በመሠረታዊው ክፍል የሚታየው ቢአርሲኤ-1 ላይ ጉዳት የወረሰች ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ወደ 70 በመቶ ይደርሳል። እነዚህን ሁለት ዓይነት ግኝቶች በአንድ ቀይ ቀለም ማሳየት ትልቅ ስሕተት ነው።

ድርጅቱን የታደገችው አማካሪዋ ናት። ወረቀቱን ገልብጣ ካስቀመጠች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ኤች ፓይሎሪ ሳይመረመሩ ይህን ገጽ አብረን ብናነበው ትርጉም አይሰጥም» አለችኝ፤ ቀጥላም አጎቴ በስንት ዓመታቸው እንደታመሙ፣ በቤተሰቡ ሌላ ማን እንደታመመና ጨው የበዛበት ምግብ አዘወትር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወረቀቱ ያልጠየቀኝን ሁሉ ጠየቀችኝ ማለት ይቻላል።

በቤተሰባቸው በወጣትነት የጡት ወይም የእንቁላል እጢ ካንሰር የታየባቸው ሰዎች መሠረታዊውን ክፍል ቢያስመረምሩ ገንዘባቸው አይባክንም። ተጨማሪውን ክፍል ግን አሁን ባለበት ሁኔታ ለማንም አልመክርም። ምክሩ በመሠረታዊው ክፍያ ውስጥ የተካተተ ነው፤ የኤች ፓይሎሪ የሰገራ ምርመራም ከተጨማሪው ክፍል ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ይሠራል።