ዳላርና፣ ግላስሪኬት፣ ቦርንሆልም ወይስ በርገን? እጅ ሥራ የሚወድ ቤተሰብ የቱን ይምረጥ

እጅ ሥራ የሚወድ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ስካንዲኔቪያ ሲሄድ ዕቅዱን የሚያፈርስበት ብዙውን ጊዜ ዋጋው አይደለም፤ ሊሠራ የተመኘው ዕቃ የሚፈልገው ጊዜ ነው። ልጅ የቀባው የእንጨት ፈረስ በዚያው ቀን ደርቆ ቦርሳ ይገባል። የተነፋ ብርጭቆ ሌሊቱን ምድጃ ውስጥ ማደር አለበት። ሸክላ ተሠርቶ፣ ደርቆና ተተኩሶ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። ሱፍ ደግሞ ማንንም አያስቸኩልም፤ ክሩን ገዝታችሁ ሹራቡን ቤታችሁ ገብታችሁ ትጨርሱታላችሁ። ስለዚህ «ስዊድን ወይስ ኖርዌይ» ከማለት በፊት «እጃችን ምን ይሥራ? አንድ ቦታስ ስንት ሌሊት እናድራለን?» ማለት ይቀድማል።

አራቱን አካባቢዎች የምናወዳድረው እናት፣ አባትና ሁለት ልጆች ለአንድ ሳምንት በበጋ ይሄዳሉ ብለን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ዳላርና፣ ስዊድን፦ እንጨትና ቀለም

ልጆቻችሁ ከ4 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ብዙ ሳታስቡ ይህንን ውሰዱ። በሲልያን ሐይቅ ዳር፣ ከሙራ ከተማ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኑስኔስ የምትባል መንደር አለች። የታወቀው የዳላ ፈረስ የሚሠራባቸው ሁለት ወርክሾፖች እዚያ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግራናስ በ1922፣ ኒልስ ኡልሶን በ1928 የተመሠረቱ። ገብቶ ማየት በነጻ ነው። ጠራቢዎቹንና ቀቢዎቹን ሥራ ላይ ለማግኘት ግን በሥራ ቀን፣ በጠዋት ሂዱ። ቅዳሜና እሁድ ሱቁ ክፍት ቢሆንም ወንበሮቹ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ።

ፈረሱ ከጥድ እንጨት ነው የሚሠራው። ጥሬ ቅርጹ በመጋዝ ማሽን ይቆረጣል፣ ጠራቢው ጠርዙን በቢላ ያለዝባል፣ መሠረት ቀለም ውስጥ ይነከራል፣ ቀዳዳና ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል፣ በሸካራ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ዋናውን ቀለም ይለብሳል፣ ያጌጣል፣ መጨረሻ ላይ ቨርኒሽ ይቀባል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ጌጡ ነው። ቀቢዋ የብሩሹን አንድ ጎን በነጭ፣ ሌላውን በአረንጓዴ ትነክርና በአንድ ትንፋሽ ትስበዋለች፤ ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን እንደ ቅጠል ተጠምዝዘው ይወጣሉ። እውነተኛውን ከአየር ማረፊያ ማስታወሻ የምትለዩትም በዚህ ነው። የታተመ ጌጥ ላይ ሁለቱ ቀለሞች በጥርት ያለ መስመር ይለያያሉ፤ በእጅ የተሳበው ላይ ግን አንዱ ወደ ሌላው ይደበዝዛል። የቢላው ስለትም በእግሮቹ መካከል ይታያል።

ልጆች ቀለም ያልተቀባ ፈረስ ገዝተው ራሳቸው ይቀባሉ። ትንሽ ልጅ ትንሽ ፈረስ ይበቃዋል አትበሉ። የ5 ሴንቲ ሜትር ፈረስ ለ5 ዓመት ልጅ ጣት እጅግ ያስቸግራል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ውሰዱ። ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው፤ ብሩሹ ውሃ በዝቶበት ቀለሙ ሲፈስ፣ ወይም ልጁ ባልደረቀ መስመር ላይ ደግሞ ሲያስኬድ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ አሥር መስመር አስስቡት፤ ከዚያ «አንዴ ሳብና እጅህን አንሳ» በሉት።

ለአዋቂው ያለው ቢላ ነው። በሙራ ስም የሚጠሩት የእንጨት ሥራ ቢላዎች የሚሠሩት እዚሁ አካባቢ ነው። ማንኪያ መጥረብ ለሚፈልግ ትንሽ መጥረቢያ፣ ቀጥ ያለ ቢላና ጎድጓዳውን የሚፈለፍል ጥምዝ ቢላ ይበቃሉ። እንጨቱ እርጥብ በርች ይሁን፤ የደረቀ እንጨት ቢላውንም እጅንም ያደክማል። የተጠረበው ማንኪያ በማግሥቱ የሚሰነጠቀው ውጩ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ነው፤ ከራሱ ፍርፋሪ ጋር በወረቀት ከረጢት ጠቅልላችሁ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት። ቢላውን ገዝታችሁ ኪሳችሁ ወይም የልጅ ቦርሳ ውስጥ አትዙሩበት፤ በስዊድን ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ቢላ መያዝ ክልክል ነው። እንደታሸገ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ በአውሮፕላንም ከምትጭኑት ሻንጣ ጋር ይሂድ።

ሽመና ለሚወድ ሰው ኢንሾን አጠገብ ያለው የሴተርግሌንታን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት በበጋ የሽመና፣ የስፌት፣ የእንጨትና የብረት ሥራ አጫጭር ኮርሶች አሉት። ድርና ማግ፣ መወርወሪያና እግር መርገጫ የሚያውቅ ሰው መሣሪያው ከጉድጓድ ወጥቶ በእንጨት ክፈፍ ቆሞ ከማየት በቀር እንግዳ አይሆንበትም። ቋንቋው ግን በዋናነት ስዊድንኛ ነው፣ ቦታውም ከወራት በፊት ይሞላል። ወላጅ አንዱ ኮርስ ሲገባ ሌላው ልጆቹን ይዞ ወደ ፋሉን መሄድ ይችላል፤ በ2001 በዩኔስኮ የተመዘገበው የመዳብ ማዕድን ማውጫ እዚያ ነው፣ የስዊድን ቤቶች የሚቀቡት ቀይ ቀለምም ከዚሁ ማዕድን የመጣ ነው። ጉብኝቱ 67 ሜትር ጥልቀት ይወርዳል፣ ደረጃው ብዙ ነው። ውጭ 25 ዲግሪ ቢሆንም ውስጡ 5 ወይም 6 ዲግሪ ስለሆነ ጃኬት ያዙ።

ከስቶክሆልም ሙራ በባቡር 4 ሰዓት ገደማ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ለመዘዋወር መኪና ተከራዩ። ማረፊያ የምትመርጡት ኩሽና ያላት የእንጨት ጎጆ ይሁን፤ ነገር ግን አንሶላና ፎጣ ይዞ መምጣትና ሲለቁ ማጽዳት የተከራይ ድርሻ እንደሆነ ውሉን አንብቡ። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ በመጨረሻው ቀን ያልጠበቀው ክፍያ ይመጣበታል።

ግላስሪኬት፣ ስዊድን፦ እሳትና ብርጭቆ

ስሙ «የብርጭቆ መንግሥት» ማለት ነው። በስሞላንድ ደን ውስጥ ከቬክሾ ወደ ምሥራቅ የተበተኑ ምድጃዎች ናቸው፤ አንጋፋው ኮስታ በ1742 ተመሠረተ። የ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ልጅ ላለው ቤተሰብ ከአራቱ ትልቁን ደስታ የሚሰጠው ይህ ይመስለናል። ለትንንሾች ግን ሙቀቱ፣ ጫጫታውና «አትንካ» የሚለው ቃል ይበዛባቸዋል።

ባለሙያው ረጅሙን የብረት ቱቦ ምድጃው ውስጥ ከትቶ እያሽከረከረ የቀለጠውን ብርጭቆ ማር በማንኪያ እንደሚጠቀለል ይጠቀልለዋል። በዚያች ሰዓት ሙቀቱ 1100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቱቦው መዞሩን ካቆመ ብርጭቆው ወደ መሬት ይዘረጋል፤ ስለዚህ ባለሙያው ሲያወራችሁም እጁ አይቆምም። ከዚያ በእርጥብ ጋዜጣ ቁልል መዳፉ ላይ ያለዝበዋል። የእናንተ ድርሻ መንፋት ነው፤ ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ልጆች የሚሳሳቱት ፊኛ የሚነፉ መስሏቸው በኃይል ሲተነፍሱ ነው፤ ያን ጊዜ በጣም የጋለው ጎን ብቻ ይሳሳል። ዝግ ያለና የማይቋረጥ እስትንፋስ ይበቃል። የጥጥ ልብስና ሽፍን ጫማ ይልበሱ፤ ናይሎን ፍንጣሪ ካገኘው ይቀልጣል።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዕቃው ወዲያው አየር ላይ ቢቀር ውጩ ቀድሞ ስለሚኮማተር ይፈነዳል። ስለዚህ 500 ዲግሪ ገደማ ካለው ማቀዝቀዣ ምድጃ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ነፍቶ ማታ ኮፐንሃገን መድረስ የሚፈልግ ሰው ዕቃውን ትቶ ይሄዳል፤ በፖስታ ማስላክ ይቻል ይሆናል፣ ዋጋው ግን ከብርጭቆው ሊበልጥ ይችላል። የመንፊያ ቀጠሯችሁን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ያዙ፣ ቢያንስም ሁለት ሌሊት እደሩ።

ሌላው ወጥመድ ሐምሌ ነው። በፈረንጆች ጁላይ የስዊድን ፋብሪካዎች ዓመታዊ ዕረፍት ይወጣሉ፤ ሱቁ ተከፍቶ ምድጃው ያለ ሠራተኛ ሊገኝ ይችላል። ጁን መጀመሪያ ወይም ኦገስት አጋማሽ ይሻላል። የሚድሶማር በዓል የሚውልበት ዓርብ፣ ከጁን 19 እስከ 25 ባለው ሳምንት፣ ሁሉም ነገር ይዘጋል።

ሂትሲል የሚባለው የማታ ግብዣ በምድጃው ቤት ውስጥ ይደረጋል፦ በምድጃው ሙቀት የተጠበሰ ሄሪንግ ዓሣ፣ ድንች፣ ቋሊማና የአይብ ኬክ። ቋሊማው አሳማ ነው፣ ኬኩ ወተትና ክሬም ነው። ፍልሰታ ላይ የምትጓዙ ወይም አሳማ የማትበሉ ስትመዘግቡ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ወደዚህ ከስቶክሆልም ይልቅ ከኮፐንሃገን መምጣት ይቀላል፤ ቀጥታ ባቡሩ እስከ ቬክሾ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከቬክሾ ወዲያ ያለ መኪና አትድከሙ፤ አውቶቡሱ ጥቂት ነው፣ ምድጃዎቹም ተራርቀዋል።

ቦርንሆልም፣ ዴንማርክ፦ ሸክላና ብስክሌት

በባልቲክ ባሕር ላይ ያለች የዴንማርክ ደሴት ናት። የዓለም የእደ ጥበብ ምክር ቤት በ2017 ከአውሮፓ የመጀመሪያዋ የዓለም የእደ ጥበብ ክልል ብሎ ሰይሟታል። የሸክላና የብርጭቆ ሠሪዎች ቤት በየመንደሩ አለ፤ ሮነ ከተማ ላይ በ1859 የተመሠረተው የዮርት ፋብሪካ ሙዚየምም ሆኖ ሸክላ ይሠራል።

ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ካሏችሁ ይህንን ምረጡ። አንዱ ሸክላ ሲያይ ሌላው ባሕር ዳር አሸዋ ይጫወታል፤ የብስክሌት መንገዱ ደሴቷን ይዞራል፣ አውቶቡስም አለ፣ መኪና ግዴታ አይደለም። ከኮፐንሃገን በስዊድኗ ዩስታድ በኩል ሄዳችሁ በመርከብ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ናት፤ ጠቅላላው 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የስዊድንን ድንበር ስለምትሻገሩ የሁሉም ሰው ፓስፖርት እጃችሁ ላይ ይኑር።

ከጭቃ ጀምራችሁ ሳህን ሠርታችሁ ይዛችሁ ለመመለስ ግን አትመኙ። ዕቃው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይደርቃል፣ አንዴ 1000 ዲግሪ አካባቢ ይተኮሳል፣ ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ ሽፋን) ይቀባል፣ ጠንካራው ሸክላ ከሆነ ደግሞ ከ1200 ዲግሪ በላይ እንደገና ይተኮሳል። እርጥበት የቀረበት ዕቃ ምድጃ ውስጥ ይፈነዳል፣ የጎረቤቱንም ይሰብራል፤ ስለዚህ ሠሪው ለቱሪስት ብሎ አይቸኩልም። መፍትሔው አንዴ የተተኮሰ ነጭ ዕቃ ላይ መቀባት ነው፤ እሱም ለመጨረሻው ተኩስ ጥቂት ቀን ይፈልጋል፣ ስለዚህ በደረሳችሁበት ቀን አድርጉት። ከፋሲካ በፊትና ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ አብዛኛው በር ይዘጋል።

በርገን፣ ኖርዌይ፦ ሱፍ

ይህ የሹራብ ሠሪዋ ጉዞ ነው፤ ልጆች አጃቢ ናቸው። ከከተማው በስተ ሰሜን በመኪና 45 ደቂቃ ያህል ሄልመስ ላይ በ1898 የተመሠረተው ሂለስቮግ የሱፍ ፋብሪካ አለ፤ ሱፉ ሲበጠር፣ ሲፈተልና ልቃቂት ሲሆን በዓይን ይታያል፣ ማሽኖቹ ግን የሚሠሩት በሥራ ቀን ነው። ለአዋቂ ሹራብ ከ500 እስከ 700 ግራም ክር አስቡ፤ ልቃቂቶቹ ሁሉ አንድ የቀለም ቁጥር እንዳላቸው መለያ ወረቀቱን ተመልከቱ፣ አንድም ትርፍ ጨምሩ። የተለያየ ቁጥር ያለው ክር ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስላል፤ ፀሐይ ላይ ግን ደረቱ መሐል መስመር ሆኖ ይወጣል። የተለበሰ ሹራብ ስትገዙ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ፤ ከኋላ የሚሻገሩት ክሮች አጭርና ያልተሳቡ ከሆኑ ሥራው ጥሩ ነው፣ ረጃጅም ከሆኑ የልጅ ጣት ይይዛቸዋል።

ባለ ስምንት ቅጠል ኮከብ ያለበት ጓንት ግን የዚህ አካባቢ አይደለም፤ ሥሩ በ1857 ትሮንድሃይም አጠገብ ሴልቡ ነው። በርገን በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይዘንባል፣ ምግብም ከአራቱ ውዱ እዚህ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ለሌላ ዓመት አቆዩት።

ማጣመር፣ ገንዘብና ቪዛ

ግላስሪኬትና ቦርንሆልም ሁለቱም ከኮፐንሃገን ስለሚቀርቡ በ9 ወይም በ10 ቀን ይጣመራሉ። ዳላርናና በርገን በአንድ ሳምንት አይሆንም፤ ሁለት ቀን ባቡር ላይ ያልቃል።

ሦስቱም አገር ክሮን ይበሉ እንጂ ገንዘባቸው የተለያየ ነው። በተለይ ስዊድን ውስጥ ብዙ ቦታ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ የሚሠራ ካርድ ያዙ። የሽያጭ ታክሱ በሦስቱም 25 በመቶ ነው። ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል፣ ከባሕረ ሰላጤው ወይም ከአዲስ አበባ የምትመጡ የተወሰነ መጠን ከገዛችሁ ተመላሽ ትጠይቃላችሁ፤ ታክሱ ከከፈላችሁት አንድ አምስተኛ ስለሆነ የአገልግሎት ክፍያ ሲቀነስ እጃችሁ የሚገባው ከ20 በመቶ በታች ነው። ፎርሙን ሱቁ ውስጥ አስሞሉ፣ ዕቃውን ከመጫናችሁ በፊት አየር ማረፊያ አሳዩ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ፣ ሦስቱም ሸንገን ስለሆኑ አንድ ቪዛ ይበቃል፤ ማመልከቻው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን 15 ቀን የነበረው የውሳኔ ጊዜ 45 ሆኗል፣ የብዙ መግቢያ ቪዛም ቀርቷል፤ ስለዚህ መሐል ላይ ለንደን ዘመድ ልጠይቅ ብሎ መውጣት መመለሻውን ይዘጋል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ስለሆነ በሩ እንደተከፈተ አስገቡ።

የማይመለስ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለመረጣችሁት ወርክሾፕ በኢሜይል አራት ጥያቄ ላኩ፦ በዚህ ቀን ምድጃው ይነዳል ወይስ ሱቁ ብቻ ነው ክፍት? ልጄ ስንት ዓመት ሲሞላው ነው መሥራት የሚፈቀድለት? ዕቃው በስንት ሰዓት ይወሰዳል? ካልደረስንበት ወደምንኖርበት አገር ትልካላችሁ? መልሱን አትማችሁ ያዙት፤ በበጋ ጠረጴዛው ላይ የምታገኙት ተማሪ ኢሜይሉን የጻፈላችሁ ሰው አይሆንም።