በኩንታል ወይስ በኪሎ?

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ማሽላ የሚገዛው በሁለት መንገድ ነው። ወይ አዝመራ ሲገባ በኩንታል፣ ወይ ዓመቱን ሙሉ በኪሎ።

ኩንታሉ እንደሚያዋጣ ሁሉም ያውቃል። ከነቀዝ መጠበቅ ብቻ ነው። ግን የቀን ሠራተኛ ያን ሁሉ ብር ባንዴ ከየት ያምጣ? በኪሎ የሚገዛው አማርጦ አይደለም። ነጋዴው ዋጋ እስኪወጣ መጋዘኑን ሲቆልፍ ጭማሪው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አንዲት እናት መቀነቷን ፈትታ፣ ብሯን ቆጥራ፣ "በቃ አንድ ኪሎ ተኩል አድርግልኝ" ስትል ሰምቻለሁ። አንጀቴን በላችው።

ዋጋ እስኪወጣ የመጠበቁ ነገር የውጭ ስንዴ ላይ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም እህል ዋጋ ሲንር፣ አሜሪካ፣ ቺካጎ ባለው የእህል ገበያ እህሉን ሳያዩ ወደፊት የሚረከቡበትን ውል ብቻ የሚገዙና የሚሸጡ ብዙ ነበሩ። የነዳጅ ዋጋም ድርሻ ነበረው።

እኔ ኩንታሉን እመርጣለሁ፤ ሦስት አራት ጎረቤት ተዋጥቶ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ።