በቱሉ ዲምቱ የቴአትር ክበባችን አዘጋጅ ለሆነችው እህት የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል የሚሠራውን የአማተር ቴአትር ክበብ ለምትመራው አዘጋጅ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ እንዲሁም መድረክ ላይ የመቆም ፍላጎት ኖሯቸው የት ሄደው መፈተን እንዳለባቸው ግራ ለገባቸው ሰዎች ሁሉ ወደ እርሷ እንዲሄዱ ለመጠቆም ነው። ስሟን እንዳልጽፍ አጥብቃ ስለለመነችኝ ቃሌን አክብሬ አልጠቅሰውም። የሰፈራችን ሰው ግን ማንን ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፤ ቀን ቀን በትምህርት ቤት የምታስተምር፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ የዕድሩን አግዳሚ ወንበሮች በራሷ እጅ እየደረደረች ልምምድ የምታስይዝ እርሷ ብቻ ናት።

እኔ ዕድሜዬ ከ50 ያለፈ የልጆች እናት ነኝ። በልጅነቴ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ መዝሙር እዘምርና አጫጭር ድራማዎች ላይ እሳተፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ትዳሩ፣ ልጆቹና መሥሪያ ቤቱ ተከታትለው መጡና ነገሩ በዚያው ቀረ፤ ፍቅሩ ግን ከውስጤ አልወጣም። ልጆቼ ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ «አሁን የራሴ ጊዜ ነው» ብዬ የተዋንያን መረጣ ማስታወቂያዎችን መከታተል ጀመርኩ፤ ያየሁትንም ምሬት ለሌሎች ማስጠንቀቂያ ይሆን ዘንድ ቦታዎቹንና ሰዎቹን ሳልጠራ እናገራለሁ።

በመብራት ምሰሶ ላይ «ተዋናይ መሆን ይፈልጋሉ?» የሚል ወረቀት አንብቤ የሄድኩበት አንድ ቦታ ገና ከበሩ ላይ የመመዝገቢያ ክፍያና በስቱዲዮ የተነሣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ ፎቶግራፍ ጠየቀኝ። ከጠዋት ጀምሮ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ውለን ተራዬ ሊመሽ ሲል ደረሰ። ከጠረጴዛው ኋላ ከተቀመጡት ሰዎች አንደኛው ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሣ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳልጨርስ «ይበቃል፣ እንደውላለን» አለኝ። አልደወሉም። በሌላ ቦታ ደግሞ ለእናት ገጸ ባህርይ እንደመጣሁ ስናገር «ለእሱ ወጣት ተዋናይት ሜካፕ ቀብተን እናሠራለን» ተብዬ ተመለስኩ። ከሁሉም የከፋው፣ ወጣት ሴቶች ልጆች ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ለብቻቸው በምሽት ተመልሰው እንዲመጡ ሲቀጠሩ በዓይኔ ማየቴ ነው። አንዲት የልጄ እኩያ የሆነች ልጅ «ልምጣ ወይስ ልቅር?» ብላ ስትጠይቀኝ እጇን ይዤ አብረን ወጣን። የጥበብን ፍቅር መነገጃ የሚያደርግ ሰው በእውነት ያሳዝነኛል።

የሚታመኑት ቤቶች ደግሞ ለእኛ ለዳር ሰዎች ሩቅ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር የሚገኙት መሃል ከተማ ነው። የቀላል ባቡሩም መስመር ወደ እኛ አቅጣጫ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በታክሲ ሰልፍ መቆም የግድ ነው። ልምምድ ደግሞ በባሕርዩ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚደረግ በመሆኑ፣ አምሽቶ ከፒያሳ ወደ ቱሉ ዲምቱ መመለስ ለአንዲት ሴት ምን ማለት እንደሆነ የዚህ መንገድ ተመላላሽ ሁሉ ያውቀዋል። እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ በእግር የሚደረስበት ክበብ መኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመረጣው ማስታወቂያ የተለጠፈው በወጣት ማዕከሉ በርና በዕድሩ ሰሌዳ ላይ ነበር። «ክፍያ የለውም፤ ፎቶግራፍ አያስፈልግም፤ ዕድሜ አይገድብም» የሚለውን ሳነብ፣ ከደረሰብኝ በኋላ፣ እውነት አልመሰለኝም። ከመረጣው አስቀድሞ ከጽሑፈ ተውኔቱ የተወሰዱ ጥቂት ገጾች ለሚፈልግ ሁሉ ተሰጡ። ማንም ሰው ያላየውን ወረቀት ድንገት ተቀብሎ በመንተባተብ እንዳይፈረድበት ነው ስትል አዘጋጇ ምክንያቱን ነገረችን። መረጣው የተካሄደው በብሎኮቹ መካከል ባለው የጋራ መጠቀሚያ ቤት ሲሆን፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር። ሁለት የዕድሩ እናቶችም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ በክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጡ አድርጋ ነበር። ልጃገረድ ያላት እናት ሁሉ የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ ይገባታል።

አዘጋጇ ከጠረጴዛ ኋላ አልተቀመጠችም፤ እያንዳንዳችን የምንናገርለትን ገጸ ባህርይ ራሷ ፊት ለፊት ቆማ ትተውንልን ነበር። እኔ ያጠናሁት ልጇ ተሰዶ የቀረባት እናት ለጎረቤቷ የምትናገረውን ክፍል ነበር፤ «ልጄ ከሄደ ወዲህ ይህ በር በሌሊት ተዘግቶ አያውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። በሚገባ አጥንቼው ስለነበር ሳልሳሳት ተወጣሁት፤ እንባዬም መጣ። አዘጋጇ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አላለችኝም። ከአዳራሹ መጨረሻ አግዳሚ ላይ ተራውን ይጠባበቅ የነበረን አንድ ታዳጊ ጠርታ «በሩ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁም በየዋህነት «በሌሊት ተዘጋ» ብሎ መለሰ።

በዚያች ቅጽበት የገባኝን ነገር ማንም ሰው ከዚያ በፊት አስረድቶኝ አያውቅም ነበር። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ስሜቱ ሲበረታብኝ ትንፋሼ ስለሚያልቅ ማሰሪያውን እውጠው ነበር። «አያውቅም» የሚለው ቃል አልተሰማም፤ ስለዚህ ከኋላ ለተቀመጠው ሰው የእናቲቱ ንግግር ተገላቢጦሽ ሆነበት። አዘጋጇ ጠጋ ብላ ትከሻዬን ያዝ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናቴ፣ ስሜቱ ሙሉ ነው፤ እሱን አይንኩት። የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ከኋላ ላለው ልጅ ይስጡልኝ» አለችኝ። ስለ ትንፋሽና ከሳንባ በታች ስላለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ስለ ድያፍራም፣ ያስረዳችኝን በሙሉ ልደግመው አልችልም፤ ሆዴ ላይ እጄን አሳርፌ እንድተነፍስና ከዓረፍተ ነገሩ አጋማሽ ላይ ትንሽ እንዳርፍ አደረገችኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻም ልጁ ሳይጠየቅ ከኋላ ሆኖ «አልተዘጋም! ለልጇ ክፍት ነው የምትተወው!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉም በጭብጨባ ተሞላ። ሌላ ቦታ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ የተመለስኩ ሴት፣ እዚህ ስለ አንዲት ቃል ይህን ያህል ጊዜ ተሰጠኝ፤ ከእኔ በኋላም ገና ብዙ ሰው ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የወጋየሁ ንጋቱን የድሮ የሬዲዮ ትረካዎች ስሰማ ጆሮዬ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው።

የእናትነቱን ሚና አላገኘሁም። ከእኔ የተሻለች ሴት አግኝታለች፤ ልምምዱን ስላየሁ ይህን ያለ ምንም ቅሬታ እመሰክራለሁ። ለእኔ አዘጋጇ ከባዕድ አገር የመጣ ደብዳቤ ይዛ የምትገባዋን የጎረቤቷን ሚና ሰጥታኛለች፤ ቃለ ተውኔቷ ጥቂት ቢሆንም ታሪኩ የሚዞረው በእርሷ መግባት ነው። ላልተመረጡት ያደረገችው ግን ከሁሉም በላይ ልቤን ነክቶታል። እንደ ሌሎቹ «እንደውላለን» ብላ አላሰናበተቻቸውም። በማግስቱ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ፣ በሩን ክፍት አድርጋ፣ አስቀምጣ ያልተመረጡበትን ምክንያትና እስከሚቀጥለው መረጣ ምን ቢለማመዱ እንደሚሻል ነገረቻቸው። አንዱ ወጣት ፊቱ ጠቁሮ ገብቶ ሲወጣ ግን ለጓደኞቹ «እኔ እኮ የምቸኩለው ነገር ነው ያስቸገረኝ» እያለ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። አሁን በመጋረጃና በመብራት ሥራ ያግዘናል፤ ከልምምድም ቀርቶ አያውቅም። ሰውን «አልሆንክም» ብሎ እንኳ ሳይሰብሩ ማሰናበት እንደሚቻል በዚህ ዕድሜዬ ከእርሷ ተማርኩ።

ስለዚህ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በገላንና በአቃቂ አካባቢ የምትኖሩ፣ በተለይም «ዕድሜዬ አልፏል» ወይም «መሃል ከተማ ሰው አላውቅም» ብላችሁ ፍላጎታችሁን የቀበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁንም የት እንደምትልኩ የተጨነቃችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ወደዚህች ሴት ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ወደ እርሷ ሂዱ። ትዕግሥቷን፣ ሙያዋንና ለሰው ክብር ያላትን ጥንቃቄ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ለአንቺም እህቴ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ እንዳከበርሽን ሁሉ ክብርሽን ከፍ ያድርግልሽ።

የሚቀጥለው መረጣ ከፋሲካ በኋላ እንደሚሆን ነግራናለች። ማስታወቂያው እንደተለመደው በወጣት ማዕከሉ በርና በዕድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የሚነበቡትን ገጾችም አስቀድማችሁ ከዚያው ትወስዳላችሁ። ገጾቹን በቤታችሁ ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁ በኋላ ኑ፤ ለልምምድ የሚመች ጫማ አድርጉ፤ የሚያነብላችሁ ሰው የሚያስፈልጋችሁ ካላችሁም ሳታፍሩ ንገሯት፣ ቃሉን በጆሮ የምታስጠናው ረዳት አላት። ገንዘብ ግን ይዛችሁ አትምጡ፤ በክበቡ ስም የመመዝገቢያ ክፍያ የሚጠይቃችሁ ሰው ካጋጠማችሁ እርሷ የላከችው አይደለምና እንዳትሰጡት።