ያማሃ ኤጂ 100 ወይስ ሲጂ 125፦ በግቢ ለሚታደስ አሮጌ ሞተር ሳይክል የትኛው ያዋጣል?

ደሴ በሚገኘው ግቢዬ አሮጌ ሞተር ሳይክል እንደማድስ የሚያውቁ ባልደረቦቼና የሰፈሬ ወጣቶች ባለፉት ሁለት ዓመታት ያቀረቡልኝ ጥያቄ በአነጋገር ቢለያይም በይዘቱ አንድ ነው። ተበላሽቶ የቆመ ሞተር ሳይክል ገዝተው በገዛ እጃቸው ሊያድሱና እንደ ምርጫቸው ሊያስጌጡ ያስባሉ፤ ገንዘባቸው ውስን ነው፤ ከድርጅቶች በጨረታ የሚወጣውን ያማሃ ኤጂ 100 ይግዙ ወይስ በየሰፈሩ ቆሞ የሚታየውን ቻይና ሠራሽ ሲጂ 125 ለመወሰን ተቸግረዋል። ሁለቱንም አድሻለሁ፤ መልሴም ሲጂውን ግዙ የሚል ነው።

ጠያቂ ሁሉ ከመግዣ ዋጋ ስለሚጀምር እኔም ከዚያው ልጀምር። ያማሃውን በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞተሩ ነክሶ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ) እንደቆመ በ46,000 ብር ገዛሁት። ሲጂውን በ2017 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በ31,000 ብር አመጣሁት። የ15,000 ብሩን ልዩነት የሚሰማ ሰው ወዲያው «ያማሃ እኮ ነው፤ ጃፓን ነው» ይለኛል። እኔም ስገዛ ለባለቤቴ የነገርኳት ይህንኑ ነበር። ሆኖም የመግዣ ዋጋ ለአዳሽ ሰው ትንሹ ወጪ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ለአንድ ዓይነት ዕቃ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መመላለስ ነው።

ኤጂ 100 ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል፣ 97 ሲሲ የሆነ ባለ ሁለት ምት ሞተር አለው። በዚህ ዓይነት ሞተር የሲሊንደሩ ግድግዳ መተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉት፤ በፒስተኑ ላይ ያለው ፋሻ (አፉ የተከፈተ የብረት ቀለበት) ዞሮ አፉ ከቀዳዳው ላይ ከደረሰ ይጠመድና ይሰበራል። ስለዚህ ፋሻው በተቀመጠበት መስመር ውስጥ እንዳይዞር የምትይዘው፣ ከክብሪት እንጨት የምትቀጥን ፒን አለች። በ2,800 ብር የገዛሁት ቅጂ ፒስተን ላይ ይህች ፒን ሥራዋን የሠራችው ለአሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከቦታዋ ወጥታ በ1,500 ብር ውስጡን አስፍቼ አዲስ ያስቦረቦርኩትን ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች ጫረችው። ፒስተኑን ይዤ ወደ ሻጩ ስመለስ፣ ሰውዬው ካርቶኑን ገልብጦ አየና «በዚህ ዋጋ ኦሪጅናል ነው ብዬሃለሁ እንዴ?» አለኝ። የሚመለስ መልስ አልነበረኝም።

ጭረቱን ለማጥፋት ከመጀመሪያ ልኩ በ0.25 ሚሊሜትር የሰፋው ሲሊንደር ወደ 0.75 ሚሊሜትር መስፋት ነበረበት፤ ይህም ሌላ 1,500 ብር ለቶርኖ ቤት ማለት ነው። ዋናውን ፒስተን ከነፋሻው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ አስፈልጌ በ9,500 ብር አስመጣሁ። ያማሃ የምታድሱ ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ፒስተኑን ሳትገዙና በካሊፐር ሳትለኩ ሲሊንደሩን አታስቦርቡሩ። ቦርቡረው ከጨረሱ በኋላ በዚያ ልክ ፒስተን ያጡ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ የአንደኛው ሲሊንደር ዛሬም መስኮቱ ላይ እንደ አበባ ማስቀመጫ ተቀምጧል።

የቀረውን ወጪ በዋናነት የወሰዱት ክራንክሻፍቱ (በፒስተኑ ግፊት የሚዞረው ዘንግ)፣ ጎሚኒዎቹ (አየር እንዳያልፍ የሚዘጉት ጎማዎች) እና ኩሽኔታዎቹ ናቸው። ባለ ሁለት ምት ሞተር አየርና ቤንዚኑን አስቀድሞ በክራንክሻፍቱ ክፍል ውስጥ አምቆ ስለሚገፋ፣ ጎሚኒው ደርቆ አየር ካሳለፈ ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ይግላል፤ በመጨረሻም ይነክሳል። ብዙ ሰው ካርቡሬተር ሲፈታና ሲገጥም የሚከርመው ጥፋቱ እዚህ ሆኖ ሳለ ነው። ለጎሚኒና ለኩሽኔታ 4,200 ብር፣ ለቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር ለሚያገናኘው ክንድ) እና በፕሬስ ለማስገጠም 7,600 ብር፣ ለማቀጣጠያው ኮይልና ሲዲአይ 3,400 ብር ከፈልኩ። የሞተሩ ወጪ ብቻ 30,500 ብር ሆነ፤ ከመግዣው ጋር 76,500 ብር። አብዛኛው የወጣውም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ነው፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ ይገኛል ብላችሁ እንዳትነሱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሃረጎ ቁልቁለት አለ። ያማሃው ዘይቱን ከራሱ ማስቀመጫ እየሳበ ወደ ሞተሩ የሚልክ ፓምፕ ነበረው፤ የእኔ ፓምፕ ስለተበላሸ እንደ ብዙው ሰው አስወጥቼ በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት እየቀላቀልኩ መንዳት ጀመርኩ። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደሚገኙ አስቡ። ነዳጅ ዘግቶ ያንን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ሞተሩን በፍጥነት እያዞረ ቤንዚኑን ከልክሎታል፤ ቤንዚን ካልገባ ደግሞ ዘይትም አይገባም። በተጨማሪም ለደሴ ቀጭን አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር ኮምቦልቻ ሲደርስ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሰዋል። የመጨረሻዎቹ ኩርባዎች አካባቢ ሞተሩ ያዝ አደረገኝ፤ ፍሪሲዮኑን ቶሎ በመያዜ ከመውደቅ ተረፍኩ፤ እስኪበርድም ግማሽ ሰዓት መንገድ ዳር ቆምኩ። ፓምፑ ደህና ከሆነ ሥጋቱ በጣም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ፓምፑ ደህና የሆነ አሮጌ ኤጂ እስካሁን የገጠመኝ አንድ ብቻ ነው።

ወደ ሲጂው ልለፍ። ሆንዳ ሲጂ 125ን እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያወጣ የታሰበው ዘይት በወቅቱ ለማይቀየርባቸው፣ ጭነት ለሚበዛባቸውና መንገዳቸው ለከፋ አገሮች ነበር። ስለዚህ ቫልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ካም ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ወርዶ ከታች ተቀመጠ፤ ሥራውን ወደ ላይ የሚያደርሱት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። የሚላላ የካም ሰንሰለት የለውም። የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ ሞተር ተቀብለው በልዩ ልዩ ስም አባዙት፤ እዚህ በልዩ ልዩ ጽሑፍ የምናያቸው ብዙዎቹ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች ከውስጥ አንድ ናቸው። እኔን ያሳመነኝም ይህ ነው፦ ለያማሃ የሚመጣው ቅጂ ዕቃ በጥንቃቄ ለተሠራ ሞተር ተመሳስሎ የተሠራ ስለሆነ ሞተሩን ያበላሻል፤ ለሲጂ የሚመጣው ቅጂ ዕቃ ግን ራሱ ቅጂ ለሆነ ሞተር የተሠራ ነውና ይገጥማል። እዚህ ደሴ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በእግር ብትሄዱ ሳትደክሙ ታገኙታላችሁ።

ሲሊንደር ማስቦርቦርም አላስፈለገኝም፤ ሙሉው ሲሊንደር ከነፒስተኑና ከነፋሻው 4,300 ብር ነበር። ክራንክሻፍቱ ከነቢዬላውና ከነኩሽኔታው ተገጣጥሞ 3,900 ብር ተሸጠልኝ፤ የያማሃው ቢዬላ ብቻውን ከነማስገጠሚያው የዚህን እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ካርቡሬተር 1,900፣ ቫልቮላዎች ከማስፈጫው ጋር 1,400፣ ኮይልና ሲዲአይ 1,200፣ የፍሪሲዮን ሸራ 1,100፣ ዘንጎቹ ከነመግፊያቸው 900፣ ጓርኒሲዮን 400። ድምሩ 15,100 ብር ነው፤ የያማሃው ሞተር ወጪ ግማሽ አይሞላም፤ ያውም ዕቃው ሁሉ ዋጋ ከናረ በኋላ የተገዛ ነው። ካርቡሬተሩ በመጀመሪያው ሳምንት ቤንዚን አፈሰሰና በማግሥቱ ያለ ክርክር ተለወጠልኝ፤ ሻጩ መደርደሪያው ላይ ስድስት ተመሳሳይ ነበረው። ከዚያ በኋላ የቫልቮላውን ክፍተት 0.08 ሚሊሜትር አድርጌ ዘይቱን በወቅቱ ከመለወጥ በቀር የነካሁት የለም።

ሲጂው ነውር የለውም አልልም። ሻንሲው ደካማ ነው። የኋላ አሞርዛተር የሚታሰርበት ቦታ ብየዳው ተሰንጥቆ አገኘሁትና በላሜራ አስደግፌ ለማስበየድ 2,500 ብር ከፈልኩ። የጎማ ኩሽኔታዎቹንም በ1,200 ብር ቀየርኩ። ቡሎኖቹ ለስላሳ ብረት ስለሆኑ ካቻቢቴ ሲነካቸው ጭንቅላታቸው ይላላጣል፤ ስትፈቱ መልሳችሁ አትግጠሟቸው፣ አዲስ ግዙ። በብረት ጥራት ያማሃው ወደር የለውም። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ስለሚሄድ አቧራና ጭቃ አይነካውም፤ በዚህ ረገድ ሲጂው ምስኪን ነው።

ማስጌጥን በተመለከተ ወጣቶቹ ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት ማርሚታ መቁረጥን ነው። የባለ ሁለት ምት ሞተር ማርሚታ ቅርጽ የሞተሩ ጉልበት አካል ነው፤ የወጣውን ጭስ የተወሰነውን መልሶ እየገፋ ቤንዚኑ እንዳያመልጥ ያደርጋልና የቆረጠ ሰው ድምፅ ገዝቶ ዳገት ሸጧል ማለት ነው። ሲጂው በዚህ በኩል ታጋሽ ነው። እኔ ሰልባትዮውን ስቱኮ ቀብቼ ዱኮ አስረጨሁት፣ መቀመጫውን አሳጠርኩ፣ ራጂዎቹን ቀየርኩ፤ መሪውን ግን ዝቅ አላደረግኩም፤ ኮብልስቶን ላይ ዝቅ ያለ መሪ የእጅ አንጓ ይጨርሳል። ቀለም ስትለውጡ ሊብሬ ላይ ማስመዝገብ እንዳለባችሁ አትርሱ፤ ሞተሩን በሌላ ከተካችሁት ቁጥሩም እንዲሁ ይመዘገባል።

ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ኤጂ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ከሞተሩ አስቀድሞ ወረቀቱን ይመልከት። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነና ቀረጡ ተከፍሎ ካልተጣራ ስም ማዛወር አይቻልም፤ በጨረታ ርካሽ መስሎ የታየው ዋጋ በእጥፍ የሚያድገው እዚያ ላይ ነው። ዘይት ፓምፑ የሚሠራ፣ ሲሊንደሩም ገና ያልተቦረቦረ ኤጂ ካገኛችሁና ዋና ዕቃ ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው ካላችሁ አልከለክላችሁም። የእኔ ያማሃ በአሁኑ ጊዜ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆሟል። 76,500 ብር የፈሰሰበትን በ60,000 ብር ልሸጠው ፈቃደኛ ነኝ፤ እስካሁን የቀረበልኝ ትልቁ ዋጋ 48,000 ብር ነው።